ማርሊን 336 ክላሲክ፦ ለጫካ የተሠራ ጠመንጃ፣ ለዓይኔ ያልተሠራ ማነጣጠሪያ

ፍርዱን ከፊት ላድርገው። ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ አጋዘን ማደን የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ ማርሊን 336 ክላሲክን ግዛ እለዋለሁ። ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። አብሮት የሚመጣው የኋላ ማነጣጠሪያም ሃምሳን ላለፈ ዓይን አይሆንም። ስለዚህ የጠመንጃውን ዋጋ ስታስቡ የማነጣጠሪያውንም አብራችሁ አስቡ።

ነዋሪነቴ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ሆቴል ውስጥ ሂሳብ እዘጋለሁ። ትውልዴ መንዝ ስለሆነ ጠመንጃ ብርቄ አይደለም፤ ምሰሶው ላይ ምንሽር ተንጠልጥሎ በነበረበት ቤት ነው ያደግኩት። እዚህ አገር የጠመንጃ ነገር ሲነሳ የእኛ ልጆች ሐሳብ ወዲያው ኤአር ወደሚባለው ወታደር መሰል ጠመንጃ ወይም ወደ ሽጉጥ ይሄዳል። ሊቨር ያለው ጠመንጃ ሲያዩ «ካውቦይ ሆንክ እንዴ?» ይሉኛል። ይበሉ። ኅዳር ላይ ብርድ ሲጠብሰው የሚውለው እኔን እንጂ እነሱን አይደለም።

ሊቨር ማለት ምላጩን ከብቦ ከሥር የሚታየው የብረት ቀለበት ነው። ወደ ታችና ወደ ፊት ስትገፉት ቦልቱ (የጥይቱን መግቢያ ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ወደ ኋላ ሄዶ ቀለሁን በቀኝ ጎን ይወረውራል፣ ሀመሩንም (ምላጭ ሲሳብ የሚመታውን መዶሻ) ያቆማል፤ መልሳችሁ ስትዘጉት ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ከተደረደሩት ጥይቶች አንዱን አንስቶ ያጎርሳል። ጉንጫችሁ ከሰደፉ ሳይነሳ፣ ዓይናችሁም ከአውሬው ሳይነቀል ሁለተኛው ጥይት ዝግጁ ነው። በጎን የወጣ እጀታ የለው፣ ከሥር የተንጠለጠለ ካዝና የለው፤ ልሙጥና ጠፍጣፋ ስለሆነ መሐሉን በአንድ እጅ ጨብጦ ቁልቁለት ለመውረድ እንደሱ የሚመች አላየሁም። አፈሙዙ 51 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ባዶውን 3.4 ኪሎ ነው። ቱቦው ስድስት ጥይት ይይዛል።

ታሪኩን ባጭሩ፣ ምክንያቱም ስትገዙ ገንዘብ ያስከፍላችኋል ወይም ያድናችኋል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ጆን ማርሊን ኩባንያውን ያቋቋመው በ1870 ኮነቲከት ውስጥ፣ ኒው ሄቨን ከተማ ነው። 336 ገበያ ላይ የወጣው በ1948 ሲሆን ሥሩ እስከ 1893ቱ ሞዴል ይደርሳል። የዚያን ጊዜ ተፎካካሪው ዊንቸስተር 94 ቀለሁን ወደ ላይ ይተፋ ነበር፤ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያም እንደዚያው ቆየ። የማርሊን ግን አናቱ ድፍን፣ ቀለሁ የሚወጣው በጎን ነው። ስለዚህ አጉልቶ የሚያሳይ የማነጣጠሪያ መነጽር መሐል አናቱ ላይ መግጠም ይቻላል። መነጽር በየአዳኙ ጠመንጃ ላይ ሲበዛ ያቺ ድፍን አናት ብዙ ደንበኛ አመጣች። በ2007 መጨረሻ ሌላው ጠመንጃ አምራች ሬሚንግተን ኩባንያውን ለመግዛት ተስማማ፤ ከዚያም የኮነቲከቱ ፋብሪካ ተዘግቶ ሥራው ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ሄደ። የዚያን ዘመን ምርት በተለይ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አዳኞች እስካሁን በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። በ2020 ሬሚንግተን ሲከስር ሩገር የተባለው ጠመንጃ አምራች ማርሊንን በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ አሁን የሚመረተው ኖርዝ ካሮላይና፣ ሜዮዳን በምትባል ከተማ ነው። የሩገሩ 336 ክላሲክ የወጣው በ2023 ነው። መለያ ቁጥሩ «አርኤም» በሚሉ ፊደላት ስለሚጀምር ሱቅ ውስጥ በአንድ እይታ ታውቁታላችሁ።

ሲወጣ የፋብሪካ ዋጋው 1,239 ዶላር ነበር። አዎ፣ ውድ ነው። ሮሲ የተባለው የብራዚል ኩባንያ አር95 ብሎ በዚሁ በ336 ንድፍ ላይ የተመሠረተ ጠመንጃ በርካሽ ይሸጣል፤ ለጀማሪ አይናቅም። ሄንሪ የሚባል ባለ ሊቨርም አለ፤ የነሐሱ ሲያብረቀርቅ ለሠርግ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው፤ ለጫካ ግን ብልጭልጭ አልወድም። ማርሊንን የመረጥኩት በእንጨቱና በብረቱ መጋጠሚያ ነው። ሰደፉ ጥቁር ዋልነት ነው፤ እንጨቱ ከብረቱ ጋር የተገናኘበትን መስመር በጥፍሬ ስዳብሰው አይይዘኝም። በዚህ ዋጋ ደግሞ መያዝ የለበትም።

ስለ ግዢው አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ እኛን የሚመለከት ነገር ስላለበት። ሱቁ ውስጥ 4473 የሚባል የፌዴራል ፎርም ትሞላላችሁ፤ ከዚያ የቨርጂኒያ ግዛት ፖሊስ ስማችሁን ያጣራል። ዜግነት ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ ክልክል ስለሆነ ጠበቃ ሳይጠይቅ ሱቅ አይግባ። ፎርሙ ላይ ሕገወጥ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ማሪዋና የግዛቱ ሕግ ቢፈቅደውም በፌዴራል አይቆጠርላችሁም ብሎ እዚያው ያስጠነቅቃል። ስለ ጫት ግን ምንም አይልም፤ የእኛ ሰውም «ጫት ደግሞ ምን ዕፅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ በመጀመሪያው መደብ የተከለከለ ነው። ፎርሙ ላይ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ምርቃና የምትወዱ ወንድሞች፣ አስቡበት።

ወደ ጥይቱ እንምጣ። የእኔው .30-30 ነው፤ ሠላሳ-ሠላሳ ይሉታል። በ1895 ለዊንቸስተር 94 የወጣ ጥይት ነው፤ ጭስ አልባ ባሩድን ይዘው ከመጡት የአሜሪካ የአደን ጥይቶች ቀዳሚ ነው። ዛሬም በገጠር መደብር ሳይቀር ይገኛል፤ የሃያ ጥይት ፓኮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዶላር በላይ ነው። አረሩ አፍንጫው ጠፍጣፋ ነው፤ ይህ ለመልክ አይደለም። ቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ይደረደራሉ፤ የኋለኛው አፍንጫ የፊተኛውን መቀመጫ ይነካል። ሹል ብረት ቢሆን በርግጫው ጊዜ የፊተኛውን ሊያፈነዳው ይችላል። ጥይት አምራቹ ሆርናዲ ለዚህ መላ ብሎ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ሹል አረር ሠርቷል፤ ርቀት ላይ ይረዳል። እኔ ግን ከባለ 170 ግሬይኑ (ግሬይን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ጠፍጣፋ አልወጣሁም፤ በምተኩስበት ርቀት ልዩነት አላየሁበትም።

ርቀቱም ይኸው ነው። ባለ 170ው በ100 ያርድ ላይ ከተስተካከለ 200 ያርድ ሲደርስ ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ይወርዳል። ኮሎራዶ ወይም ዋዮሚንግ ሜዳ ላይ ለሚያድን ይህን ጠመንጃ አልመክርም፤ እዚያ ቦልቱ በጎን እጀታ በእጅ የሚሳብ ረጅም ተኳሽ ይሻላል። ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ግን ዛፉ ራሱ ከ80 ያርድ በላይ አያሳያችሁም። አጋዘኑ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ቁጥቋጦ እስኪገባ ያለችው ክፍተት ጠባብ ናት፤ ያኔ የሚፈለገው ፈጥኖ ትከሻ ላይ የሚወጣ ጠመንጃ ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ ክንዴን ደግፌ በ100 ያርድ ስተኩስ ሦስቱ ጥይት አንድ የቡና ስኒ አፍ ውስጥ ይገባሉ። ለአጋዘን ልብና ሳንባ ከበቂ በላይ ነው። ርግጫው ይገፋል እንጂ አይሰብርም፤ ቀጭኗ ባለቤቴም ተኩሳ «ይኼ ነው እንዴ?» ብላለች።

አሁን ወደ ማነጣጠሪያው። ከፋብሪካው የሚመጣው የኋላው እንደ ቀንድ ወደ ላይ የታጠፈ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ያለው ነው፤ የፊቱ ባለ ነሐስ ጫፍ ነው። ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ይበቃው ይሆናል። ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን ሦስት ነገር በሦስት ርቀት አጥርቶ ማየት አይቻልም፦ የኋላው፣ የፊቱና አጋዘኑ። አንዱ ሲጠራ ሁለቱ ይጨልማሉ፤ ቀንዱም የአውሬውን ግማሽ አካል ይሸፍናል። መፍትሔው ባለቀዳዳ ማነጣጠሪያ ነው። ሪሲቨሩ (ቦልቱን የያዘው የብረት አካል) አናት ላይ ከፋብሪካው የተበሱ ቀዳዳዎች ስላሉ በመፍቻ ብቻ ይገጠማል። እኔ የገጠምኩት ስኪነር የተባለውን፣ ሞንታና ውስጥ የሚሠራውን ነው። ከቀለበቱ ውስጥ ስታዩ ዓይን ሳይነገረው መሐሉን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የፊቱን ጫፍ ብቻ አጥርቶ አውሬው ላይ ማኖር ነው የሚቀረው። ቀለበቱን ሰፊውን ውሰዱ፤ ጠባቡ ወረቀት ላይ ያምራል፣ ጎህ ሲቀድ ግን ጨለማ ነው። በቨርጂኒያ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት መተኮስ ስለሚፈቀድ ያቺ ሰዓት ዋጋ አላት። የኋላው ሲቀየር ግን የፊቱ ቁመት ላይመጥን ይችላል፤ ስትገዙ የትኛው ቁመት አብሮ እንደሚሄድ ጠይቁ።

መነጽር የሚወድ መነጽር ይግጠም፤ አልከራከርም። ትልቁን ብቻ አትግዙ። አነስተኛ፣ ከአንድ ተኩል እስከ አራት እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። መነጽር ሲገጠም ሀመሩን በአውራ ጣት ለመያዝ ቦታው ስለሚጠብ ሀመሩ ላይ ወደ ጎን የምትወጣ ትንሽ ብረት ትታሰራለች፤ እሷን አትርሱ። እኔ ግን ጠመንጃውን መሐሉ ላይ ጨብጬ ነው የምሄደው፤ መነጽሩ ልክ እዚያ ላይ ስለሚቀመጥ አወላልቄዋለሁ።

ከማነጣጠሪያው ሌላ የጨመርኩት ጥቂት ነው። ሊቨሩን በጠፍር ጠመጠምኩት፤ በብርድ ጊዜ ብረቱ ጣት ያቃጥላል፣ ደጋግሞ ለሚተኩስም የጣት አጥንት ይልጣል። ጠፍሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ እርጥቡን ማሰር ነው፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። ሰደፉ ላይ ጥቂት ጥይት የምትይዝ የቆዳ ሽፋን አለች። ማንገቻም አለ፤ ማያያዣው ከፋብሪካው ስላለ መብሳት የለም። በቃ።

ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ግን በዚህ አልለቀቀኝም ነበር። ሻጩ እንጨቱን አውልቆ በአልሙኒየም ሊተካው፣ ባትሪ ሊሰቅልበት፣ አፈሙዙ ላይ ድምፅ የሚያባብስ ብረት ሊያስርበት፣ ሊቨሩን ፊልም ላይ እንዳለው በትልቅ ቀለበት ሊቀይረው ነበር። ወረቀት ላይ ደምሮ ሲያሳየኝ የጠመንጃውን ዋጋ ሊያክል ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሌላ ሰው ሂሳብ ስደምር የማድር ሰው ነኝና ድምሩ አልማረከኝም። ትልቁ ቀለበት ወፍራም ጓንት ለሚያደርግ ሰው ይጠቅመዋል፣ ይህን አልክድም፤ ቀሪው ግን ቀላል የነበረውን ጠመንጃ አክብዶ ቁጥቋጦ የሚይዘው ጥርስ ማብቀል ነው። ምላጩን የሚያለሰልሱ ዕቃዎችም ይሸጣሉ። እኔ አልነካሁትም፤ ጓንት ላደረገ ጣት ትንሽ ጠንከር ያለ ምላጭ ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህን ጠመንጃ ከሌሎቹ አብልጬ የምወድበት ነገር ጽዳቱ ነው። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፦ ቱቦውንም፣ ጥይት የሚጎርስበትንም ቦታ፣ በዓይንም በጣትም። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ከሥር አንጥፉ። ሊቨሩን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ በጎን ያለችውን አንዲት ቡሎን ፍቱ። ሊቨሩ ወደ ታች ይወጣል፤ ቦልቱ ወደ ኋላ ተስቦ እጃችሁ ላይ ይመጣል። ያኔ ውስጥ፣ በግራው ግድግዳ ላይ የተቀመጠች ቀጭን ብረት ነፃ ትሆናለች፤ ቀለህ የምትወረውረው እሷ ናት። ነጩ ጨርቅ ለእሷ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ከወደቀች ማታ ሙሉ በጉልበታችሁ ትሄዳላችሁ። አሁን ከኋላ ስታዩ የአፈሙዙ ውስጥ እስከ ጫፉ ወለል ብሎ ይታያል፤ መወልወያውን ዘንግ ከኋላ ነው የምታስገቡት። ዊንቸስተር 94 ያለው ጓደኛዬ ከፊት፣ ከአፉ በኩል ነው የሚወለውለው፤ ዘንጉ አፉን እየፈተገ ከሄደ ደግሞ ጠመንጃው መሳት ይጀምራል። ስትገጥሙ ያቺን ቀጭን ብረት መጀመሪያ ጉድጓዷ ውስጥ አስቀምጡ፣ ቦልቱ ቀጥሎ ይገባል። መፍቻው በልክ የተሞረደ መሆን አለበት፤ የቤት መፍቻ የቡሎኗን ስንጥቅ ይበላዋል፣ ያገለገሉ ማርሊኖች ላይ በብዛት የምታዩት ቁስል እሱ ነው።

ስለ ደኅንነቱ ሳልናገር አላልፍም። ሀመሩ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆምበት ደረጃ አለው፤ በተጨማሪ ከጎን ወደ ጎን የምትገፋ መቆለፊያ አለች። የድሮ ሰዎች ያቺን መቆለፊያ ይጠሏታል፤ አጋዘን ላይ አነጣጥረው ምላጭ ሲስቡ «ቀጭ» ብላ ታዋርዳለች ይላሉ። እኔ ግን ትኑር እላለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ጠመንጃ ማራገፍ ማለት ጥይቱን አንድ በአንድ እያጎረሱ ማውጣት ነው፤ ካዝና ነቅሎ መገላገል የለም። ያን ጊዜ መቆለፊያዋ ተገፍታ አፈሙዙ መሬት ሲያይ ደስ ይለኛል። ሊቨሩን ደግሞ እስከ መጨረሻው ግፉት፤ ጥይት የሚሰነቀርበት በፍርሃት በግማሽ የገፋው ሰው ነው። ቤት ውስጥ ብረት ሣጥን፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ። ልጅ ካለ ክርክር የለም።

አደኑ ራሱ ሌላ ጽሑፍ ነው። አዲስ አዳኝ መጀመሪያ የአዳኝነት ትምህርት ይወስዳል፤ ከዚያ የአደን ፈቃድ፣ የአጋዘን ፈቃድ፣ ለብሔራዊ ደኑ ደግሞ ርካሿ ፈቃድ። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መልበስ በጠመንጃ ወቅት ግዴታ ነው። በአንዳንድ ካውንቲዎች ይህ ዓይነት ጠመንጃ ለአጋዘን ጨርሶ አይፈቀድም፤ የግዛቱን መመሪያ በካውንቲ ስም ፈልጋችሁ አንብቡ። በቨርጂኒያ በዓመት 200,000 ገደማ አጋዘን ይታደናል፤ አውሬው ስለማነሱ የሚያዝን ካለ የአሌክሳንድሪያን የጓሮ አትክልተኞች ይጠይቅ።

ለእኛ ለጿሚዎቹ የቀን ነገር አለ። የጠመንጃ ወቅት የሚከፈተው ኅዳር ሚካኤል አካባቢ በሚውለው ቅዳሜ ነው፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ከብሉ ሪጅ ተራራ በስተ ምዕራብ በብዙ ቦታ ወቅቱ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ሳምንት ላይ የተገኘው ጥብስ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የተገኘው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። ይበላል ወይ ለሚለው ዘዳግም 14 ከሚበሉት እንስሳት ውስጥ ዋላን ይዘረዝራል፤ የቀረውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። ሥጋው ስብ የለውም፤ ቅቤ ሳይበዛበት ጥብሱ ይደርቃል፣ ለቋንጣ ግን የተፈጠረ ነው። ጥሬውን አትሞክሩ፤ የአውሬ ሥጋ ነው፣ ቁርጥ ቤት አይደለም።

አዲሱ ከበዛባችሁ ያገለገለ ፈልጉ። የኮነቲከቶቹ አፈሙዛቸው ላይ ከሪሲቨሩ አጠገብ በግራ በኩል «ጄኤም» የሚል ትንሽ ማኅተም ይኖራቸዋል፤ ሰው የሚሻማው እነሱን ነው፣ ዋጋቸውም ከአዲሱ ብዙ አይርቅም። ስታዩት የሊቨሯን ቡሎን ስንጥቅ ተመልከቱ፤ ከተበላ ባለቤቱ በምን መፍቻ ይፈታው እንደነበር ታውቃላችሁ። ሊቨሩን ዘግታችሁ ነቅነቅ አድርጉት። የአፈሙዙን ጫፍ በባትሪ እዩ። ከዚያ ባለሱቁን ቦልቱን አውጥቶ ከኋላ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት፣ አይሆንም ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።